ካሪቢያን ውስጥ ህንድ ምን ይሠራል?

እኛ ዘንድ ኩሊ ማለት ተሸካሚ ነው። መርካቶ ጆንያ ስታስወርዱ "እስቲ ኩሊ ጥሩልኝ" ብትሉ ቢበዛ አነጋገራችሁ ሸካራ ነው ይባላል እንጂ የሚጣላችሁ የለም። ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ባለችው ጋያና ግን፣ ዋና ከተማዋ ጆርጅታውን መንገድ ላይ ቆማችሁ ይህንኑ ቃል የህንድ መልክ ያለው ሰው ላይ ብትወረውሩ ጠብ ፈለጋችሁ ማለት ነው። ቃሉ ያው አንድ ነው። በታሚል ቋንቋ የቀን ሥራ ክፍያ ማለት ነው የሚሉ አሉ። ምዕራብ ህንድ ውስጥ ከሚኖር ኮሊ ከሚባል ሕዝብ ስም የመጣ ነው የሚሉም አሉ። እንግሊዞች ከዚያ አንስተው የደረሱበት ወደብ ሁሉ አደረሱት። እኛ ጋ የሥራ ስም ሆኖ ቀረ። ካሪቢያን ውስጥ የአንድ ሕዝብ ስም ሆነ፤ ሕዝቡ ሳይመርጠው።

ይህን ሕዝብ ሳታዩት አልቀራችሁም። ራፐሯ ኒኪ ሚናዥ የተወለደችው ትሪኒዳድ ነው፤ የመታወቂያ ስሟ ኦኒካ ማራጅ ነው። ማራጅ "ማሃራጅ" ከሚለው የህንድ ስም ተቆርጦ የቀረ ነው፤ በአባቷ በኩል የህንድ ዘር አላት። ኒው ዮርክ ወይም ቶሮንቶ የምትኖሩ ደግሞ መልኩ ቁርጥ ህንዳዊ፣ አነጋገሩ ግን ቁርጥ የካሪቢያን ሰው የሆነ የሥራ ባልደረባ ይኖራችሁ ይሆናል። "ከህንድ የት ነህ?" ስትሉት "ጋያና" ይላችኋል። "አይ፣ ከዚያ በፊት?" ያላችሁት እንደሆነ ፊቱ ይለዋወጣል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ የአምስት ትውልድ ታሪክ ነው።

በነገራችን ላይ ኮሎምበስ በ1492 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ህንድ የደረሰ መስሎት ደሴቶቹን የህንድ ስም አሸክሟቸው ነበር። ዌስት ኢንዲስ የሚለው ስም የዚያ ስህተት ነው። ወደ 350 ዓመት ገደማ ቆይቶ የምር ህንዶች መጡባቸው።

ያመጣቸው ስኳር ነው። የካሪቢያንን አገዳ ለዘመናት የተከሉትና የቆረጡት በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ነበሩ። እንግሊዝ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን በሕግ ያስቀረችው በ1834 ነው። ወዲያው ግን አለቀቀቻቸውም። "ተለማማጅ" የሚል ስም ተሰጥቷቸው እስከ ኦገስት 1 ቀን 1838 ድረስ ለቀድሞ ጌቶቻቸው መሥራታቸውን ቀጠሉ። የ20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳም ተመደበ። ለተገረፉት እንዳይመስላችሁ። ለገራፊዎቹ ነው።

ከካሳ ተቀባዮቹ አንዱ ጆን ግላድስተን የሚባል የሊቨርፑል ነጋዴ ነበር። ልጁ ዊልያም በኋላ አራት ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። አባትየው ጋያናና ጃማይካ ውስጥ ለነበሩት 2,508 ባሪያዎች ከ106 ሺህ ፓውንድ በላይ ተቆጠረለት። ጭንቀቱ ግን አልለቀቀውም። እነዚህ ሰዎች ነገ ነፃ ሲወጡ "ይህን ያህል ካልከፈልከኝ አልቆርጥም" ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ በ1836 መጀመሪያ ካልካታ ላለ የንግድ ድርጅት ደብዳቤ ጻፈ። ሠራተኛ ላኩልኝ አለ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ብዙዎች "የሠራተኛ እጥረት ነበር" ብለው ያልፉታል። እኔ አባባሉ አይዋጥልኝም። ሰው መች ጠፋ? የጠፋው በርካሽ የሚሠራ ሰው ነው። ነፃ የወጡት አፍሪካውያን በደመወዝ መደራደር ሲጀምሩ ድርድሩን ለመስበር ሌላ ሕዝብ ከሌላ የዓለም ጫፍ ተጋዘ። ለማጓጓዣው ከወጣው ገንዘብ የተወሰነው ደግሞ የተሰበሰበው ከእነዚያው አፍሪካውያን ላይ በግብር ነው። ይህን ያዙልኝ። በኋላ እመለስበታለሁ።

ሜይ 5 ቀን 1838 ዊትቢ እና ሄስፐረስ የሚባሉ ሁለት መርከቦች ጋያና ደረሱ። በሕይወት የወረዱት 400 አይሞሉም። ጥቂት ሳይቆይ የግርፋትና የሞት ወሬ ለንደን ደረሰና ጉዞው ታገደ። በ1840 የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሎርድ ጆን ራስል ሳይቀር ነገሩ አዲስ የባርነት ሥርዓት እንዳይሆን እንደሚሰጋ ጽፎ ነበር። ስጋቱ አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም። በ1845 ብለንደል የሚባለው መርከብ ጃማይካ፣ ፋቴል ራዛክ የሚባለው ትሪኒዳድ ገቡ። ፈረንሳዮች በ1850ዎቹ ከደቡብ ህንድ፣ በብዛት ታሚሎችን፣ ወደ ማርቲኒክና ጓዴሎፕ ማጋዝ ጀመሩ። ሆላንዶች ደግሞ ከእንግሊዝ ጋር ተዋውለው በ1873 ላላ ሩክ በሚባል መርከብ የመጀመሪያዎቹን ሱሪናም አስገቡ። ሁሉም ሲያበቃ ጋያና ብቻዋን ወደ 239 ሺህ፣ ትሪኒዳድ 144 ሺህ ገደማ ሰው ተቀብለዋል። ጃማይካንና ሱሪናምን፣ የፈረንሳዮቹንም ስንደምር ከግማሽ ሚሊዮን ያልፋል።

እነማን ናቸው? አብዛኞቹ ዛሬ ቢሃርና ምሥራቅ ኡታር ፕራዴሽ ከሚባለው አካባቢ የተነሱ፣ ቦጅፑሪ የሚናገሩ ገበሬዎች ናቸው። ርሃብ፣ ዕዳ፣ የመሬት ግብርና ከእንግሊዝ ፋብሪካ በሚመጣ ጨርቅ የሞተ ሽመና አንድ ላይ ሆነው ከቀያቸው አስነሷቸው። ባሏ ሞቶባት የትም መግቢያ ያጣች ሴት ነበረች። ህንዶች በእንግሊዝ ላይ ባነሱት የ1857ቱ አመፅ ተሳትፎ የሚሸሽ ወታደርም ነበረ።

ከመንደሩ የሚያወጣቸው ደላላ ነው። አርካቲ ይሉታል። ገበያ ላይ፣ ቤተ መቅደስ ደጃፍ፣ ባቡር ጣቢያ ይጠብቃል። የሚከፈለው በሰው ቁጥር ነው። "ቅርብ ነው፣ ቀላል ሥራ ነው፣ ስኳር መንፋት ብቻ ነው" ይላል። ለትሪኒዳድ "ቺኒዳድ" የሚል ስም ወጣላት፤ ቺኒ በሂንዲ ስኳር ነው። ሱሪናምን ደግሞ "ሽሪ ራም" አሏት፤ የአምላካቸው የራማ አገር እንድትመስል። ቤይሩት ወይም ሪያድ ልጁን የላከ አማርኛ አንባቢ ይህን ሲያነብ ደላላውን የሚያውቀው ይመስለኛል።

ካልካታ ወንዝ ዳር ባለው ማቆያ ግቢ ወረቀት ይሞላላቸዋል። የመውጫ ፈቃድ ነው። የዚህ ሕዝብ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር የወረቀት ታሪክ ስለሆነ ይህን አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። አናቱ ላይ የመርከቡ ስም አለ። ቀጥሎ ተራ ቁጥር። ከዚያ ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ካስት። ካስት ማለት ህንዶች የሚወለዱበት የማኅበራዊ ደረጃ ነው። ቀጥሎ አውራጃ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ መንደር፣ የቅርብ ዘመድ። ቁመት በጫማና በኢንች። መጨረሻ ላይ የሰውነት ምልክት፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለ፣ ግራ ጉልበቷ ላይ ቁስል ድኖባታል፣ እንዲህ ያለ ነገር። ሐኪሙ "ጤነኛ ነው"፣ ሌላው ሹም "በፈቃዱ ነው የሚሄደው" ብለው ይፈርማሉ። ሰውዬው አንገቱ ላይ ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ ይንጠለጠልለታል።

ስሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኛ የሚገባ ነገር አለውና። ከመንደር የመጡት ብዙዎቹ ቤተሰብ የሚጋራው ስም አልነበራቸውም። የአንድ ሰው ስም የራሱ ነው፣ ቢጨመርበት የአባቱ። ጸሐፊው የሰማውን በመሰለው ፊደል ይጽፋል። ቅጹ ላይ የሰፈረው ያባት ስም፣ ወይም የራሱ የሰውዬው ስም፣ ለልጅ ልጆቹ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይደርቃል። አሜሪካ ስንገባ የአያታችን ስም በአንዲት ቅጽ ምክንያት ለዘላለም "ላስት ኔም" ሆኖ እንደሚቀርብን ማለት ነው። ፕራሳድ የሚለው ስም ጋያና ፐርሶድ፣ ትሪኒዳድ ፐርሳድ ሆኖ ቀረ። ሱሪናም ውስጥ ከፊተኛው ስም ጋር ተጣብቆ አንድ ረጅም ቃል ይሆናል። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቻንድሪካፐርሳድ ሳንቶኪ ስማቸው እንዲያ ነው።

ለአንድ ሂንዱ ውቅያኖስ መሻገር ራሱ ነውር ነበር። "ካላ ፓኒ" ይሉታል፣ ጥቁር ውኃ። የተሻገረ ሰው ካስቱን ያጣል ይባላል። ጉዞው በሸራ መርከብ፣ በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ዞሮ፣ ሦስት ወር ገደማ ነው። ኮሌራ፣ ኩፍኝ፣ ተቅማጥ አለ። በ1856 እና 57 ወቅት ከካልካታ ወደ ካሪቢያን ከተሳፈሩት 17 በመቶ ገደማ ባሕር ላይ አልቀዋል። የመርከቡ ሐኪም ጉርሻ የሚታሰብለት በሕይወት በሚያወርደው ሰው ቁጥር ነበር።

እዚያ መርከብ ላይ ግን አንድ ነገር ተፈጠረ፤ የታሪኩ እምብርትም እሱ ይመስለኛል። ከካስቱ ሁሉ ከላይ ያለው ብራህሚኑም፣ ከታች ያለው ቆዳ ፋቂውም ከአንድ ድስት በሉ፤ ሌላ ድስት የለማ። ሂንዱና ሙስሊም ጎን ለጎን ተኙ። ዘመድ የሌለው ሰው ዘመድ ፈለገና አብሮት የተሳፈረውን "ጃሃጂ ባይ" አለው፤ የመርከብ ወንድም። ሴቷ "ጃሃጂ ባሂን" ናት። ይህ ዝም ብሎ የፍቅር ስም አልነበረም። የመርከብ ወንድማማቾች ልጆች እርስ በርስ መጋባት እንደ ነውር የሚታይበት ጊዜ ነበር። ዝምድናው እንደ ሥጋ ተቆጥሯል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ከህንድ ተነስተው ህንድነታቸውን እንደ ሻንጣ ይዘው የወረዱ አይደሉም። ካልካታ የተሳፈሩት የዚህ መንደርና የዚያ ካስት ሰዎች ነበሩ። ማዶ ሲወርዱ አንድ ሕዝብ ሆነዋል።

ያስፈረማቸው ውል ለአምስት ዓመት ነው። ከእንግሊዝኛው "አግሪመንት"፣ በተመሳሳይ ውል ፓስፊክ ውስጥ ወዳለችው ፊጂ የሄዱት "ጊርሚት" የሚል ቃል አወጡ። ሱሪናም የሄዱት ከ"ኮንትራክት" "ካንትራኪ" አሉ። ትሪኒዳድ ውስጥ የአንድ ወንድ የቀን ክፍያ 25 ሳንቲም ነበር፤ ያውም የተሰጠውን ቁጥር ሥራ ከጨረሰ። የሚያድሩት ባሪያዎቹ ያድሩበት በነበረው ዓይነት ረጅም የእንጨት ሰፈር ውስጥ ነው። ከእርሻው ለመውጣት ፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል። ሥራ መቅረት የዲሲፕሊን ጉዳይ አልነበረም፤ ወንጀል ነው፣ እስር ቤት ያስገባል። ባርነት ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ። አልነበረም፤ አይሸጡም፣ ልጃቸውም ባለውል ሆኖ አይወለድም፣ ውሉ ማብቂያ አለው። አምስቱን ዓመት ግን አገዳ ስር ለሚያሳልፈው ሰው ልዩነቱ ምን ያህል ይታየው እንደነበር እንጃ።

ሴቶቹ በቁጥር ያንሱ ነበር። ሕጉ ለ100 ወንድ 40 ሴት እንዲጫን ያዝዛል፤ እሱንም ለማሟላት ደላሎቹ ይቸገሩ ነበር። ከመጡት ብዙዎቹ ባል የሌላቸው፣ ብቻቸውን የወጡ ናቸው። ይህ ለሴቷ ሁለት ነገር አመጣላት። በአንድ በኩል ደመወዟ የራሷ ነው፣ ባል የመምረጥና የመተው አቅም አላት፤ በመንደሯ ያልነበረ ነገር። በሌላ በኩል በቅናት የሚፈጸም የሚስት ግድያ የእርሻዎቹ መቅሠፍት ሆነ። የሚገድላት ብዙ ጊዜ ገጀራ ነው፤ አገዳ የሚቆረጥበት ያው ገጀራ።

ዝም ብለው ተገዙ ማለት አይደለም። አድማና ተኩስ በየጊዜው ነበር። በጣም የሚታወሰው ኦክቶበር 30 ቀን 1884 ትሪኒዳድ፣ ሳን ፈርናንዶ የሆነው ነው። ሆሴ የሚባል በዓል አላቸው። ሙስሊሞች የኢማም ሁሴንን ሞት የሚያስቡበት ነው፤ ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠራ ያማረ መቃብር ተሸክመው በከበሮ ይወጡና መጨረሻ ላይ ባሕር ውስጥ ይጥሉታል። በትሪኒዳድ ግን ሂንዱውም አፍሪካዊውም አብሮ ይወጣ ነበር። እንግሊዞች ይህ መሰባሰብ ስላስፈራቸው ወደ ከተማ እንዳይገቡ ከለከሉ። ሰልፈኞቹ ገቡ። ፖሊስ ተኮሰ። ከአሥር በላይ ሰው ሞተ፣ መቶ ያህል ቆሰለ።

ውሉን የጨረሰ ሰው አሥር ዓመት ከሞላው የመመለሻ ጉዞ መብት ነበረው። ከ1869 ጀምሮ ትሪኒዳድ መሬት ሰጥታ መብቱን መቀየር ጀመረች፤ ለመንግሥት ከመርከብ ትኬት መሬት ይረክሳላ። ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑት ተመልሰዋል። የአንዳንዶቹ መጨረሻ ያሳዝናል። መንደራቸው "ካላ ፓኒ የተሻገረ" ብሎ አልቀበልም አላቸው። ካልካታ ወደብ አጠገብ ማቲያቡርጅ የሚባል ሰፈር ውስጥ ተጠራቅመው ወደ ካሪቢያን መልሱን እያሉ ሲለምኑ የኖሩ አሉ። አገር ማለት የትኛው እንደሆነ ያወቁት ከተመለሱ በኋላ ነው።

ህንድ ውስጥ ጎካሌና ጋንዲ የመሳሰሉ መሪዎች ባነሱት ተቃውሞና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ምልመላው በ1917 ቆመ። የቀሩት ውሎች በ1920 መጀመሪያ ተሰረዙ።

ቀጥሎ ያለው ዘመን እንደገና በወረቀት የተሞላ ነው። ትሪኒዳድ ውስጥ በሂንዱ ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ በሕግ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ በአደባባይ፣ በእሳት ዙሪያ ሰባት ጊዜ ዞረው የተጋቡ ሰዎች ልጆች በመዝገብ ላይ ዲቃላ ናቸው። ውርስ ይጣላል። የትምህርቱን በር በብዛት የከፈቱት በ1868 የመጡት የካናዳ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮኖች ናቸው። ልጅ ማስተማር የፈለገ ሂንዱ ልጁ ወንጌል ሲማር ዝም ብሎ ማየት ነበረበት።

ሴውዳስ ሳዱ የሚባል ሰው ነበር። ከህንድ በልጅነቱ የመጣ፣ አገዳ ሠራተኛ። በ1947 ዋተርሉ በሚባል የትሪኒዳድ ባሕር ዳርቻ ትንሽ ቤተ መቅደስ ሠራ። መሬቱ የስኳር ኩባንያ ነበርና አፍርስ ተባለ። አላፈርስም አለ። 14 ቀን ታሰረ፣ ተቀጣ፣ ቤተ መቅደሱም ፈረሰ። ሲፈታ ባሕሩ የማንም አይደለም ብሎ ባሕር ውስጥ መሥራት ጀመረ። ውኃው ሲሸሽ ብስክሌቱን እየገፋ ድንጋይና ሲሚንቶ ያጓጉዛል፤ ውኃው ሲመለስ ይወጣል። ወደ 25 ዓመት ገደማ እንዲህ ኖረ። ዛሬ ቦታው "የባሕሩ ቤተ መቅደስ" ይባላል፤ በ1995 ህንዶች የመጡበት 150ኛ ዓመት ሲከበር ታድሷል።

ቋንቋው ጋያናና ትሪኒዳድ ውስጥ ሞቷል ማለት ይቻላል። የቀሩት የዘመድና የምግብ ቃላት ናቸው። የእናት አባት ናና፣ የእናት እናት ናኒ፤ የአባት አባት አጃ፣ የአባት እናት አጂ። ሱሪናም ውስጥ ግን ሳርናሚ የሚባል ዘዬ ሆኖ እስካሁን ይነገራል። ምግቡማ ሁሉንም አሸንፏል። ትሪኒዳድ ውስጥ ጠዋት መንገድ ዳር የሚሰለፉት ለ"ደብልስ" ነው፤ ሁለት የተጠበሰ ለስላሳ ቂጣ፣ መሐሉ በቅመም የተሠራ ሽምብራ። አፍሪካዊውም ህንዱም ቻይናውም እዚያው ቆሞ ይበላል። "በስ አፕ ሸርት" የሚባል ቂጣም አለ። ከምጣዱ ሳይወርድ በእንጨት እየተመታ ስለሚቆራረጥ የተቀዳደደ ሸሚዝ ይመስላል፤ ስሙም ያው ነው።

አሁን ወደዚያ ያዙልኝ ወዳልኩት ነገር ልመለስ። የአንዱን ደመወዝ ለመስበር ሌላውን ማምጣት፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ አገር ላይ ትቶ መሄድ። ውጤቱን ጋያና ላይ ማየት ይቻላል። ቼዲ ጃጋን የአገዳ ሠራተኞች ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ገና ሕፃናት ሳሉ ነው ከህንድ የመጡት። ቺካጎ ጥርስ ሕክምና ተማረና ተመልሶ ፓርቲ አቋቋመ። ከፎርብስ በርናም ጋር ሆኖ፣ ህንዱና አፍሪካዊው አንድ ላይ፣ በ1953 ምርጫ አሸነፈ። እንግሊዞች ኮሚኒስት ነው ብለው በ133 ቀኑ ጦር ልከው አወረዱት። ሁለቱ ሰዎች በ1955 ተለያዩ፤ ደጋፊዎቻቸውም በዘር ተለያዩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጎረቤት ጎረቤቱን አቃጠለ። አሜሪካ ጃጋንን ስለፈራች እንግሊዝ የምርጫውን ሕግ እንድትቀይር ገፋች። በ1964 በርናም ሥልጣን ያዘ፣ በ1966 ነፃነት መጣ፣ እሱም እስኪሞት በ1985 ገዛ።

በእሱ ዘመን የውጭ ምንዛሬ አለቀና የስንዴ ዱቄት ማስገባት ተከለከለ። ለህንዱ ሮቲ የሚለው ቂጣ የለም ማለት ነው፣ ለአምልኮ የሚቀርበው ጣፋጭም የለም። በሩዝ ዱቄት ሞከሩት፤ ይፈረፈራል። ዱቄት እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ በሌሊት በወንዝ ይገባ ጀመር፤ የተያዘበት ይቀጣል። አፍሪካዊውም ዳቦ አጥቷልና ችግሩ የጋራ ነበር፤ ህንዱ ግን እኔን ሊያጠፉ ነው ብሎ አነበበው። ሰው በገፍ ወጣ። ጃጋን ወደ ሥልጣን የተመለሰው በ1992 ነው፤ ቀዝቃዛው ጦርነት ካለቀ በኋላ።

ሱሪናም በ1975 ነፃ ስትወጣ ከሕዝቧ ሲሶው ገደማ ወደ ሆላንድ ተሻገረ። ብዙዎቹ ህንዶች ነበሩ፤ ክሪዮል በሚባሉት የአፍሪካ ዘር ባላቸው ሰዎች መንግሥት መገዛትን ፈርተው። ዛሬ ሄግ ከተማ የእነሱ መናገሻ ናት። ሳርናሚ፣ ሆላንድኛና ስራናን የሚባለውን የሱሪናም መግባቢያ ቋንቋ እየቀላቀሉ ያወራሉ። ትሪኒዳድ ከሌሎቹ ረጋ ያለች ናት። ህንዱና አፍሪካዊው በቁጥር እኩል ለእኩል ናቸው፤ በ2011 ቆጠራ 35.4 እና 34.2 በመቶ። የመጀመሪያው የህንድ ዘር ያለው ጠቅላይ ሚኒስትር ባስዴዮ ፓንዴይ በ1995 ተመረጠ።

ጃማይካ ላይ የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ አሻራቸው ግን እኛ ሻሸመኔ ድረስ መጥቷል ብል አላጋነንኩም። ጋንጃ የሚለው ቃል የህንድ ነው፤ ቅጠሉንም ማጨሻውንም ጃማይካ ያስለመዱት የአገዳ ሠራተኞቹ እንደሆኑ ይታመናል። ከራስ ተፈሪያን የመጀመሪያ ሰባኪዎች አንዱ የነበረው ሊዮናርድ ሃወል አፄ ኃይለ ሥላሴን በሚሰብክበት ጽሑፍ ላይ የተጠቀመው የብዕር ስም ጋንጉንጉሩ ማራግ ነው። ቃላቱ የህንድ ናቸው፤ ማራግ ያው ማሃራጅ ነው፣ የኒኪ ሚናዥ ማራጅ። ንጉሡ በኤፕሪል 1966 ጃማይካ ከመድረሳቸው በፊት ትሪኒዳድ ወርደው ነበር።

ኒው ዮርክ ውስጥ ኩዊንስ፣ ሪችመንድ ሂል፣ ሊበርቲ አቬኑ ላይ ብትሄዱ የሮቲ ቤቱን፣ የወርቅ ቤቱን፣ የሂንዱ ቤተ መቅደሱን፣ የጋያና ባንዲራውን ታያላችሁ። ሊትል ጋያና ይሉታል። ሆሊ የሚባለውን የሂንዱዎች የቀለም በዓል ፋግዋ ይሉታል፤ ቦጅፑሪው ቃል ነው፣ ከህንድ በቀጥታ የመጣ ህንዳዊ ላይገባው ይችላል። ከህንድ በቀጥታ የመጣው፣ ኢንጂነሩና ሐኪሙ፣ ብዙ ጊዜ ዘመድ አያደርጋቸውም፤ ቋንቋውን አያውቁም፣ አነጋገራቸው ሌላ ነው። እነሱም ሁልጊዜ መዘመድ አይፈልጉም። የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ሲመጣ "ኤዥያን ኢንዲያን" የሚል ሳጥን አለ። እናት እሱ ላይ ምልክት ታደርጋለች፤ ልጇ "ሌላ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ "ጋያኒዝ" ብላ ትጽፋለች። ማዕዳቸው አንድ፣ ሳጥናቸው ሁለት።

በ2012 የትሪኒዳድ ጠቅላይ ሚኒስትር ካምላ ፐርሳድ ቢሴሳር ቢሃር ውስጥ ቤሉፑር የምትባል መንደር ሄደው ነበር፤ ቅድመ አያታቸው የተነሱባት መንደር ናት። ሕዝቡ እንደ ጠፋች ልጅ ተቀበላቸው፣ እሳቸውም አለቀሱ። መንደሩን ማግኘት የሚቀናው ግን ጥቂት ሰው ነው። ፖሊስ ጣቢያው ስሙን ቀይሯል፣ ጸሐፊው የመንደሩን ስም በእንግሊዝ ጆሮ ጽፎታል፣ ራምሳራን የሚባል ሰው በአንድ መርከብ ላይ ሦስት ይሆናል። ስለዚህ የአያቱን ወረቀት ፍለጋ ጆርጅታውን ወይም ፖርት ኦፍ ስፔን ቤተ መዛግብት የሚሄድ ሰው ስም ይዞ ብቻ ቢሄድ ብዙም አይረዳውም። መዝገቡ የተደረደረው በመርከብ ስምና በዚያ አንገት ላይ በተንጠለጠለው ቁጥር ነው።